ከሴኡል ለአብሮ አደጌ

ውድ አብሮ አደጌ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ከተጠፋፋን ስንት ዘመን! ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እናነሣዋለን። ዛሬ የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ነው። ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው ያለም አልመሰለኝ።

እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ ኪምባፕ መጠቅለል ነው። ሩዝ፣ ካሮትና እንቁላል በደረቀ የባሕር ቅጠል ይጠቀለላል። አጠገቤ የምትቆመው ሴት ከሰሜን ኮሪያ የመጣች ናት፣ ከቻይና ጋር ከሚያዋስነው ከቱመን ወንዝ ዳር። እጇ ይፈጥናል። እኔ አንዱን ሳልጨርስ እሷ ሦስተኛው ላይ ናት። መጀመሪያ ላይ ብዙም አናወራም ነበር። የኔ ኮሪያኛ የፈረንጅ አማርኛ በይው። የሷ ደግሞ የሰሜን ቅላጼ ስላለው ደንበኛ ፊት አፏን አትከፍትም። ሁለታችንም "ከየት ነሽ?" መባል የሰለቸን ሰዎች ነን። በዚሁ ተግባባን።

አንድ ቀን የሬዲዮ ነገር ተነሣ። በደርግ ጊዜ አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሬዲዮናቸውን ይዘው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው የጀርመን ድምፅን ሲያዳምጡ እኛ በር ላይ ዘብ እንቆም ነበር። ትዝ ይልሻል? ይህንኑ ነገርኳት። ሳቀች። "እናንተ ጣቢያ መቀየር ትችሉ ነበር ማለት ነው?" አለችኝ። እነሱ ዘንድ ሬዲዮው የሚሸጠው ጣቢያው ተቆልፎ ነው። የመንግሥትን ብቻ ይይዛል። ማሸጊያውን ፈትቶ የተገኘ ወዮለት። እኛ አፈና ያልነው ለሷ ቅንጦት ሆኖ ታያት።

ሌላው ግን ያው የምናውቀው ነው። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ወረቀት። ቀበሌም አላቸው፣ ኢንሚንባን ይሉታል፣ ከኛ ቀበሌ ግን በጣም ያንሳል፤ ከሃያ እስከ አርባ አባወራ ቢሆን ነው። የኢንሚንባኗ ኃላፊ በየቤቱ ስንት ማንኪያ እንዳለ ማወቅ አለባት ይባላል። እማማ ዶሮ በሠሩ ቁጥር ሽታውን ተከትለው "ለማን ነው ድግሱ?" እያሉ የሚመጡት የሰፈራችን ሊቀመንበር ትዝ አሉኝ።

ሞባይል አላቸው፤ የግብፅ ኩባንያ ነው እ.ኤ.አ. በ2008 የዘረጋላቸው። ነገር ግን ወደ ውጭ አይደውልም። ኢንተርኔት የሚሉትም ከአገር የማይወጣ፣ ለብቻው የታጠረ መረብ ነው። እናቷን ለማግኘት ያላት መንገድ አንድ ነው። ደላላ እናትየዋን ድንበር አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ይዟት ይወጣል፤ በኮንትሮባንድ በገባ የቻይና ስልክ ለጥቂት ደቂቃ ያወራሉ፤ የስልክ አዳኞቹ ሳይደርሱ ይዘጋል። ብር ስትልክም ከመቶው ሠላሳ ያህሉን ደላሎች ይወስዱታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ሰሜን ኮሪያ ለኮሮና ብላ ድንበሯን ስትጠረቅም ደላላውም ጠፋ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የደቡብ ፊልም ያየ እስከ 15 ዓመት የሚታሰርበት፣ ያሠራጨ በሞት ሊቀጣ የሚችልበት ሕግ ወጣ። እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር አታውቅም።

ከሴኡል እስከ ድንበሩ ያለው ርቀት እኮ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ማለት ነው! ኦዱሳን የሚባል መመልከቻ ላይ አብረን ሄድን። ሁለት ወንዞች ይገናኙበታል፤ በጠባቡ በኩል ማዶ ያለው የሰሜን መሬት ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ሳንቲም ከተተችና በርቀት መነፅሩ ለረጅም ጊዜ ማዶ ማዶውን አየች። ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። ቀና ብላ "በቆሎው ዘግይቷል፤ አረሙን አልነቀሉለትም" አለችኝ። ከዚያ አይስክሬም ገዛን።

አሁን ግን ክፍቱ አገር ገነት ነው ልልሽ አይደለም። እዚሁ ደቡብም ቢሆን ተራ ሰው እንደልቡ ፓስፖርት ማውጣት የቻለው ገና እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ሰዓት እላፊውም እስከ 1982 ነበረ። ዛሬም የሰሜንን ድረ ገጽ ልክፈት ብትዪ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ፤ ለመንግሥት ሳያሳውቁ እዚያ ሰሜን ከሚኖር ሰው ጋር መገናኘትም በሕግ ያስጠይቃል። ደግሞ ብቸኝነቱ! ዕቃ አመላላሹ ካርቶኑን በር ላይ ጥሎ ይሄዳል። የጎረቤቴን መልክ አላውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሰሜን የመጣች አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር እዚህ ሴኡል ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ርቧቸው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። እስኪታወቅ ሁለት ወር ያህል አልፎ ነበር። ጓደኛዬ ይህን ስታነሣ ትናደዳለች። "እዚያ ቢሆን ማንኪያ ቆጣሪዋ በማግስቱ ታንኳኳ ነበር" አለች። እሺ፣ ታዲያ ትመለሻለሽ ወይ አልኳት። "አብደሻል?" አለችኝ።

የከነከነኝ ነገር ይኼ ነው። ድህነቱና ሀብቱ እየቆየ ይለመዳል። እሷን የሚያንገበግባት ከራስ ሰው ጋር ድምፅ ለድምፅ አለመሰማማቱ ነው። ሰሜንና ደቡብ ተለያይተው የቀሩ ቤተሰቦች ስም ዝርዝር ላይ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ አብዛኛው ሞቷል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ አልፎ አልፎ በዕጣ ያገናኟቸው ነበር። የመጨረሻው በነሐሴ 2018 ሰሜን ውስጥ ባለው ኩምጋንግ ተራራ ላይ ሆነ። ለዘመናት ተለያይተው ኖረው ለሦስት ቀን ይገናኛሉ፣ ከዚያ አውቶቡሱ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ደግሞ ይኼ የሩቅ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ትግራይ ስልኩም ባንኩም በተቆረጠ ጊዜ፣ እናቱ መቀሌ የነበረች አንድ ልጅ እዚህ አብሮን ቡና ይጠጣ ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። ጓደኛዬ ያን ልጅ ያለ አስተርጓሚ ነበር የምትረዳው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሆኖ ሰሜንን የወጋውን የቃኘው ሻለቃ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ሥር ይደብቁት ነበር። ይግረምሽ ብሎ፣ ያኔ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ይቆም ነበር። እሳቸው የተዋጉት ከማን ጋር ሆነና! እዚህ ቹንቾን የምትባል ከተማ ውስጥ ጃንሆይ በ1968 እ.ኤ.አ. መጥተው የመረቁት የቃኘው መታሰቢያ አለ፤ አጠገቡም ሙዚየም ተሠርቷል። ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የትምህርት ዕድልም ይሰጣሉ። ትልቋ ልጅሽ ዘንድሮ ጨረሰች አይደል?

ሜዳሊያው ካለ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺልኝ። የዘመቻ ወረቀታቸውም ከተገኘ አደራ። ሦስተኛው ቃኘው ነበሩ መሰለኝ፣ እማማን ጠይቂያቸው። ስለ ትምህርት ዕድሉ ልጠይቅላት በሚቀጥለው ወር ቹንቾን ስለምሄድ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

አብሮ አደግሽ