የእማማን ሳጥን ደረቁን እንዳትፍቂው

ሚጡዬ፣

አክስትሽ ከኮዬ ፈጬ ተመልሳ ሰበታ ስትገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። የእማማን አረንጓዴ ሳጥን ሳሎን መሃል አስቀምጠሽ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቂያለሽ አሉ፤ መስኮቱ ዝግ፣ ዱቄቱ ምንጣፉ ላይ፣ አንቺ ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር። ልጄ፣ ደረቁን እንዳትፍቂው። ዛሬውኑ አቁሚ።

ለቡና ጠረጴዛነት ማሰብሽ ደስ ብሎኛል፤ ጓዳ ውስጥ ከሚበሰብስ ሰው ቢያየው ይሻላል። የምፈራው ቀለሙን ነው። የድሮ የዘይት ቀለም፣ በተለይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ የሚባለው ማዕድን አለበት ብለሽ ነው መነሳት ያለብሽ። በአገራችን በቀለም ውስጥ የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ያ ሳጥን የተቀባው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ዱቄቱ በትንፋሽ ይገባል፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ከእናት ደም ወደ ጽንሱ ያልፋል፤ የሚጎዳውም የሕፃኑን አእምሮ ነው። የጨርቅ ማስክ አያቆመውም። በእሳት ማላቀቅ ደግሞ ይብሳል፤ እርሳሱ ጢስ ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል።

የወደቀውን አንቺ አትንኪው። ባልሽ በመጥረጊያ ሳይሆን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ያንሳው፤ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሮ ይጣለው። ምንጣፉም በረንዳ ላይ አይራገፍ፤ ተጠቅልሎ በላስቲክ ይታሰር። ለክትትል ስትሄጂ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል።

ለነገሩ መፋቅ አያስፈልገውም ነበር። ያልተላጠ ቀለም ባለበት ይቆያል። ወንድምሽ ከቤት ውጭ፣ ላስቲክ አንጥፎ፣ በ220 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ እየረጨ አንጸባራቂነቱን ብቻ ያደብዝዘዋል። ሲደርቅ አንድ እጅ ፕራይመር፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም፣ በየመሃሉ አንድ ቀን። ተቻኩሎ ሁለተኛውን ከደረበ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል፣ በኋላም ይሸበሸባል። ከላይ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በአራት የጎማ ቁራጭ ላይ ይቀመጥ፤ ስኒና ረከቦት ቀለሙን እንዳይፍቀው። ውስጡ የተለጠፈውን ጋዜጣ አትንቀሉ፤ የተነሳውን በቀጭን የዱቄት ሙጫ መልሱት። ማጠፊያው ከጎደለ ምናለሽ ተራ ይፈለግ፤ አዲሱ ከድሮው ቀዳዳ ጋር አይገጥምም።

ሰፌዱንም ልትሰቅዪው ነው አሉ። እሱ ነው የቀረን። የእማማ ትልቁ መሶብ፣ ያ ወይን ጠጅና ጥቁር የተሰፋው፣ ታችኛው ቆዳው እንኳ ሳይላላ፣ ለልዋጭ በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ሄደ። ማን እንደሰጠው እስከ ዛሬ በቤታችን አይነገርም። ሳፋው በዓመቱ ተሰነጠቀ። አክርማውን ራሷ ለቅማ፣ ራሷ ነክራ፣ ክረምት ከበጋ የሰፋችው ነበር፤ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚህ ሰፌዱን በውሃ አትጠቢው። ቀለሙ ይለቃል፣ ውስጡ ያለው ስንደዶም ውሃ ይዞ ይሻግታል። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ በስፌቱ አቅጣጫ ብቻ። የተፈታ ስፌት ካየሽ ቶሎ ያዢው፤ አንዱ ሲለቅ ዙሩ በሙሉ ይከተለዋል። አክርማ እስኪለዝብ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ በወስፌ መልሰሽ ስፊ፤ ደረቅ ከሆነ ሲታጠፍ ይሰበራል። የመስቀያውን ክር ከጫፉ ሦስት ዙር ገባ ብለሽ አሳልፊ። የመጨረሻውን ዙር ብቻ ከያዘ ክብደቱ ይስበውና ይፈታዋል። የከሰዓት ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ምረጪ።

ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ሚስማር ልስኑን ፈርክሶ ይወድቃል። በ6 ሚሊ ሜትር መብሻ ይበሳና ፊሸር የሚባለው የፕላስቲክ ብሎን መያዣ ይግባበት። ከማብሪያ ማጥፊያው ትክክል በላይም በታችም አትብሱ፤ የመብራቱ ሽቦ በዚያ ያልፋል።

የከሰል ካውያው ቀላል ነው፦ እንጨት እጀታውን ፈትተሽ ብረቱን እኩል በተቀላቀለ አቼቶና ውሃ ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፊ፣ በቤኪንግ ሶዳ እጠቢ፣ ወዲያው አድርቀሽ ሰም ቀቢው። ከሌሊቱ ካለፈ አቼቶው ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን ይጀምራል።

ሳጥኑን ግን ደረቁን እንዳትፍቂው፤ ወንድምሽም ቢሆን ደረቁን እንዳይፍቀው፣ ብለሽ ንገሪልኝ። እኔም እነግረዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ መጥቶ ይወስደዋል። እስከዚያ ባልሽ በላስቲክ ሸፍኖ በረንዳ ያውጣው፤ አንቺ አታንሺ፣ ከባድ ነው። አንድ ኪሎ ሽሮና የሽንብራ ቆሎ ልኬልሻለሁ፤ ቆሎውን እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ እንዳትነኪው።

እናትሽ