ጉዳዩ፦ «ዶክተሩ ይደውልልሃል» ተብሎ ስላልተደወለልን ስልክ

ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴ ካርድ እናንተ ጋ ስላለ በካሜራ የሠራችሁላትን የሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ታሪክ አልደግምም። የምጽፈው ትናንትም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» ተብዬ ስለተመለስኩ ነው።

ካስወጣችኋት በኋላ ከፍኖተ ሰላም ወደ እናንተ የደወልኩበትን ምሽት ግን በደንብ ስሙኝ። እናቴ ውሃ እንኳ አልረጋላት ብሎ አረንጓዴ ታስመልስ ነበር። እምብርቷ ሥር ያለውን ቁስል ነካ ሳደርጋት ትጮኻለች። ነርሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አየር ይወጣላታል?» ትንሽ ትንሽ አልኳት። «በቃ አንጀቷ ሠርቷል፤ ወዲያ ወዲህ ትበል።» ትውከቱን ደግሜ ብነግራት «ሐኪሙ አንተ ነህ እኛ?» አለችኝ። ከዚያ «ዶክተሩ ራሱ አሁን ይደውልልሃል» ብላ ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ነጋ። ማንም አልደወለም።

ደብረ ማርቆስ ወስደናት ሲቲ ስካን ስትነሳ አንጀቷ የቀዶ ጥገናው መሣሪያ በገባበት የእምብርት ቀዳዳ ተቀርቅሮ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። የታነቀው የአንጀቱ አንድ ጎን ብቻ ነው። በቀረው በኩል አየርም ሰገራም ሊያልፍ ይችላል። የታነቀው ግን ደም ካጣ ይሞታል፣ ይበሳል። የእናቴም ያ ክፍል ተቆርጦ ወጣ። «አየር ወጣ» ተብሎ የሚተኛበት ነገር አይደለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንደማያጋጥም አውቃለሁ። ትውከትና ሕመም ሲነገራችሁ መስማት ግን ምን ይከብዳል?

ስታስወጧት የሰጣችኋት ወረቀት «ቁስሉን አታርጥቡ» ከማለት በቀር ስለ ትውከት አንድ ቃል የለውም። «በካሜራ ስለሆነ በማግስቱ ቡና ያፈላሉ» ያላችኋትም እናንተ ናችሁ። ጓንት ሳይቀር ከውጭ አስገዝታችሁን ሙሉ ዋጋ ተቀበላችሁ። ደረሰኙንም ስንት ለምነን አገኘነው።

አሁን የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት በእጄ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ ከቆዳው ሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን እንዲሰፋ ይመከራል። የእናቴ ተሰፍቶ ነበር ወይ? መልሱን በጽሑፍ እፈልጋለሁ። የሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ወጪም ሸፍኑ። ነርሷና ዶክተሩ እናቴን ይቅርታ ይጠይቁ። እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካጣሁ ሰነዶቼን ይዤ ክልሉ ጤና ቢሮ እገባለሁ፤ እዚያም ካልሆነ ፍርድ ቤት።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ልጅ