ብስክሌቴን የት ላቁም? ለአዲስ አበባ ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለቢሮው ኃላፊዎች፣

ባለፈው ወር ቀጠሮ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ የሱሪዬን ቀኝ እግር ሰንሰለት እንዳይበላው በላስቲክ አስሬዋለሁ። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ዕቃ ልታደርስ ነው?» አለኝ። ቀጠሮ እንዳለኝ ስነግረው ደግሞ «ታዲያ መኪናህስ?» ብስክሌት ግቢ አይገባም፣ አጥሩ ላይም አይታሰርም። ማዶ ላለች ባለሱቅ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። በሳምንቱ በጓደኛዬ መኪና ስንመጣ ያው ሰውዬ መታወቂያ እንኳ ሳይጠይቅ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን።

አልተቀየምኩትም። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። አባቴ መምህር ነበሩ፤ ከረባታቸውን አስረው በብስክሌት ሥራ ሲሄዱ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣት ሳንባ ይፈልጋል። እኔን ያደከመኝ ግን ዳገቱ አይደለም።

እሑድ ጠዋት የስፖርት ቁምጣና ሄልሜት አድርጌ ስወጣ «በርታ! አይዞህ!» ይሉኛል። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ያጨበጨብን ሰዎች ነን። ሰኞ በዚያው ብስክሌት፣ በዚያው መንገድ ሥራ ስሄድ ግን የሚኒባሱ ረዳት በሩን በመዳፉ እየደበደበ «ዳር ያዝ!» ይለኛል። ፈረንጅ ሲነዳው ጤና ነው፤ እኛ ስንነዳው ማጣት።

በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ሠርታችኋል፤ ተመስገን ነው። መስመሩ ግን ያልቃል፤ ባያልቅም መድረሻው ላይ ማሰሪያ የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በግቢያቸው ማሰሪያ ብረት እንዲተክሉ አድርጉ፤ አንድ መኪና በሚይዘው ቦታ ስምንት ብስክሌት ይቆማል። ለጥበቃዎቹም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ በቃል ብቻ በር አይከፈትም። የመንጃ ፈቃድ ሠልጣኝም ብስክሌተኛን ሲያልፍ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በቁም ነገር ይፈተን።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ በሚለቀቅበት፣ «መንገድ ለሰው» በሚባለው እሑድ ኃላፊዎች ብስክሌት ሲነዱ በቴሌቪዥን አይተናል። አሁን የምለምናችሁ አንድ ሰኞ ነው፦ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ ያለ ካሜራና ያለ አጃቢ፣ ወደማያውቋችሁ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ላስቲኩን እኔ አውሳችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ብስክሌተኛ