ለዘውዬ፣ ጥርስሽን ሳታስነጪ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማልረሳሽ እህቴ ለዘውድነሽ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ዘንድሮ ለጉድ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት አገኘዋለሁ።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁ። የእናትሽ ለቅሶ ላይ አለመድረሴን እንደያዝሽብኝም አውቃለሁ። ያኔ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ዘውዬ። መሐል ሜዳ ስንማር ጉልበቴ እያበጠ ከክፍል የምቀረው ትዝ ይልሻል? ያ የቶንሲል ጣጣ ነው ዞሮ ልቤ ላይ የወጣው። የልቤ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ተቀየረልኝ። ሰው እንዳይረበሽ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተነሳሁ በኋላ ደግሞ በምን አፌ እያልኩ ፈራ ተባ ስል ጊዜው ነጎደ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ያክስትሽን ልጅ አገኘኋት። ጥር ላይ ልጅሽን ልትድሪ እንደሆነ፣ ለሠርጉም ጥርስሽን ልታስነጪ ቀጠሮ እንደያዝሽ ነገረችኝ። እሰይ! እልልታዬን ሳልጨርስ ግን ስኳርሽና ግፊትሽ ትዝ አሉኝ። ለሐኪሙ ነግረሽዋል? ሳልናገር የሆንኩትን ልንገርሽና ፍረጂ።

መስከረም ላይ ለልብ ቀጠሮዬ አዲስ አበባ ሄጄ፣ አንድ ፀጉር ቤት አጠገብ «ጥርስ በአንድ ሰዓት እናነጣለን» የሚል ተለጥፎ አየሁና ሰተት ብዬ ገባሁ። ልጅቷ የጠየቀችኝ «በካሽ ነው በቴሌብር?» ብቻ ነው። እኔም ዝም፤ የልብ በሽተኛ ነኝ ብላት ትመልሰኛለች ብዬ። ጥርሴን ጠራረገች፣ ድዴን ምንም ሳትሸፍን ጄሉን ቀባችና ሐምራዊ መብራት ደቀነችብኝ። ስነሳ ድዴ ተቃጥሎ ነጭ ሆኗል። እሱስ በቀናት ውስጥ ተመለሰ። አልቆም ያለው ደሙ ነው፤ ደም ማቅጠኛ እውጣለሁ እኮ! 130 ኪሎ ሜትር ሙሉ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ደብረ ብርሃን ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት «ልጄ፣ ማን ነው የመታሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

በማግስቱ እዚሁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አፌን ሳያይ ወረቀት አወጣና ይጠይቀኝ ጀመር፤ ኦፕሬሽን፣ መድኃኒት፣ አለርጂ፣ እርግዝና፣ አስም። «ለጥርስ ነው የመጣሁት» ብለው፣ «ጥርሱ ብቻውን መጣ እንዴ?» አለኝ። ቫልቭ ስለው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

እንደነገረኝ ከሆነ ለእኔ የሚያስፈራው ከማንጫው ይልቅ ጠረጋው ነው። ድድ ሲደማ የአፍ ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፤ ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያደርግ ያልፋል፣ የተቀየረ ቫልቭ ላይ ከሰፈረ ግን ልብን ይመርዛል። ስለዚህ እንደ እኔ ያለ ሰው ከጠረጋው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ ይውጣል፣ ብዙ ጊዜ 2 ግራም አሞክሲሲሊን። እኔ በየወሩ ፔኒሲሊን ስለምወጋ የአፌ ባክቴሪያ ለምዶት ሊሆን ይችላል ብሎ፣ ከልብ ሐኪሜ ጋር ተነጋግሮ ሌላ ዓይነት መረጠልኝ። ደም ማቅጠኛዬን ዋርፋሪንንም በራሴ እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀኝ፤ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋ ይችላላ። የዚያችን ልጅ ጠረጋ ተከትሎ ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሙቀቴን ስለካ ከረምኩ። ትንሽ ባተኮሰኝ ቁጥር «አለቀልኝ» እያልኩ።

ድዴ ከዳነ በኋላ ጥርሴ ላይ የቀረውን ድንጋይ፣ የደረቀውን ቆሻሻ ማለቴ ነው፣ በሥርዓት አነሳልኝ። መስታወት ሰጥቶኝ ሳይ፣ ለካ ቡኒ ነው እያልኩ የማማርረው ግማሹ ድንጋይና የቡና እድፍ ኖሯል! ለቀረው በጥርሴ ልክ ስስ ፕላስቲክ አሠራልኝና፣ ውስጡ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ የሚባል ማንጫ እያደረግሁ ሁለት ሳምንት ለብሼው አደርኩ። ይህ አፍ ውስጥ ሲፈታ 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሆናል፤ ክሊኒክ ውስጥ የሚቀባው ግን እስከ 35 እና 40 በመቶ ይደርሳል። ሐምራዊው መብራትም ከማማሩ በቀር ብዙም አይጨምርም አሉ። በጥቅምት ውርጭ ግን፣ ዘውዬ፣ አፌን ከፍቼ ነፋሱን በሳብኩ ቁጥር ጥርሴ ውስጥ መርፌ የሚሰካ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ቆላ ነሽ፣ ይቀልልሻል።

ወዳንቺ ልመለስ። መጀመሪያ ያለፈውን የሦስት ወር ስኳርሽን የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠሪ፤ ስኳር ከፍ ካለ የድድ ቁስል ቶሎ አይድንም። ለግፊት አምሎዲፒን ከሆነ የምትወስጂው፣ እሱ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳብጣል፣ ስሙን ንገሪው። የተቦረቦረም ካለ ቀድሞ ይሞላ። የፊት ጥርስሽ ደግሞ የተሞላ ነው አይደል? ሙሊት አይነጣም፤ ሌላው ሲነጣ እሱ ብቻውን እንዳይቀርብሽ። በከሰልና በሎሚ መፈተግ የሚሏትን ነገር እንዳትሞክሪያት፣ ጥርሱን ነው የምትልጠው።

ካነጣሽ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን ቡና፣ ሻይ፣ በርበሬና እርድ የለም። በጾም ወተቱም እርጎውም ስለማይቀመስ እኔ በድንችና በነጭ ጤፍ እንጀራ ነው ያለፍኩት። ቡናው ግን! ጎረቤት ሲቆላ በር ዘግቼ ተቀመጥኩ።

እናትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሲስቁ ከዚያ ከተነቀሱት ጥቁር ድድ ላይ ጥርሳቸው ወተት ይመስል ነበር። ማታ ማታ ያንን ፕላስቲክ ስለብስ እሳቸው ናቸው ፊቴ ላይ ድቅን የሚሉት።

ቀጠሮሽ መቼ እንደሆነ ላኪብኝ፤ ከፈለግሽ አብሬሽ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ያላልሽውን እኔ እናገርልሻለሁ። ለሠርጉ ድፎ ዳቦ ደፍቼ እወርዳለሁ። አሁንም ካኮረፍሽኝ ዳቦውን ተቀብለሽ እኔን መልሺኝ።

ያንቺው ትርንጎ