ኮንቴይነሩ ይነሳል፣ ገጹ ግን አይከፈትም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ዌብ አፕሊኬሽንን በዶከር (አፕሊኬሽንን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) ስለማሸግ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ጀማሪን በጣም የሚያለፋውን ግን ዘሎታል። ኮንቴይነሩ ይነሳል፣ ስህተት አይታይም፣ ብሮውዘሩ ግን ገጹን አያገኝም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ አፕሊኬሽኑ ጥያቄ የሚቀበለው በ127.0.0.1 ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህ አድራሻ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሲሆን ኮንቴይነሩን ራሱን እንጂ የእናንተን ኮምፒውተር አያመለክትም። በሁሉም የኔትወርክ አድራሻዎቹ እንዲቀበል 0.0.0.0 አድርጉት። ፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) ስታገናኙ 8080:5000 ካላችሁ፣ የፊተኛው የኮምፒውተሩ፣ የኋለኛው የኮንቴይነሩ ነው (ማገላበጥ የተለመደ ነው)።

በዶከርፋይሉ (ኢሜጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል፣ በሚሠራበት የትእዛዞች ፋይል) አፕሊኬሽኑ የሚጠቀምባቸው የላይብረሪዎቹ ዝርዝር ቀድሞ ይቀዳና ይጫን፤ ኮዱ ከዚያ ይከተል። አለዚያ ኮዱ በተነካ ቁጥር ላይብረሪው ሁሉ እንደ አዲስ ይጫናል። የይለፍ ቃል ያለበት ፋይል አንዴ ኢሜጁ ውስጥ ከተቀዳ፣ በቀጣዩ ትእዛዝ ቢሰረዝም ቀዳሚው ትእዛዝ ከፈጠረው የታችኛው ንብርብር አይጠፋም። ዳታውንም ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጡ፤ ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮት እንዳይሄድ።

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ