የዝናቡ ደብተር የት ገባ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ስለምትኖረው ኢትዮጵያ ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለ ሹፌር የሚሄደው መኪና፣ መድኃኒት የሚያደርሰው ድሮን፣ ገበሬውን በሞባይሉ «ነገ ዝራ፣ ዛሬ ቆይ» የሚለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሁሉም ደስ ይላል። የልጅ ልጄ ያኔ ሠላሳ ዓመት ይሞላታል፤ እሷ ትየው ብያለሁ። ቅር ያሰኘኝ ግን አንድ ነገር አለ። ያ ሞባይል ነገ እንደሚዘንብ በምን ያውቃል? ጸሐፊው ይህን አልነገሩንም።

እኔ በሰሜን ሸዋ ደጋ በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ከዚያ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከባንዲራ መስቀያው ጀርባ የቆመውን የዝናብ መለኪያ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሥራው ለማንም አይከብድም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በመስታወቱ መለኪያ ትገለብጠዋለህ፣ ቁጥሩን ታነባለህ፣ ደብተር ላይ ትጽፋለህ። ካልዘነበም 0.0 ብለህ ትጽፋለህ። ይህን ዜሮ እንዳትንቁት። ባዶ የተተወ መስመርና ዜሮ አንድ አይደሉም። ባዶው መምህሩ ለቅሶ ሄዷል ማለት ነው፤ ዜሮው ሰማዩ ነፍጓል ማለት ነው። ልዩነቱ የገባቸው ተማሪዎቼ ቅዳሜና እሑድ ሳይቀር ተራ ገብተው ይለኩልኝ ነበር።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ምንም አይመስልም፤ ጥፍር አያርስም። ግን በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። በአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ 2,500 ሊትር ይሆናል። ይህን ሰሌዳው ላይ ሳሰላ ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ የኖረች አንዲት ተማሪ በባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አካፍላ «መቶ ሃያ አምስት ጀሪካን!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሚሊ ሜትር ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በየወሩ አንዱን ቅጂ ወደ ሚመለከተው ክፍል እንልካለን፤ ዋናው ደብተር በትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ይቀመጣል። ጡረታ ወጥቼ ጥቂት ዓመት እንደቆየሁ አንድ ቀን ከሱቅ ቁንዶ በርበሬ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። የነሐሴ ወር ዝናብ፣ ከነማጥቆሪያዬ። ሮጬ ብሄድ ለኮምፒዩተር ክፍል ቦታ ይለቀቅ ተብሎ ቁም ሳጥኑ ተራግፏል። ከባለ ሱቁ ሦስት ደብተር በገንዘቤ መልሼ ገዛሁ፤ የቀረው ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ወደየቤቱ ሄዷል። በማንም አልፈርድም። ክፍሉን ያስለቀቁት ሰዎች ለልጆቹ የወደፊቱን እያመጡላቸው መስሏቸው ነው። ኮምፒዩተሮቹ ደግሞ ሊመገቡት የሚችሉት ነገር በር ላይ ለባለ ሱቅ በኪሎ እየተሸጠ ነበር።

«ሊመገቡት» ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ጉግል ዲፕማይንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተዋወቀው ግራፍካስት የሚባለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የአየር ትንበያ የአሥር ቀኑን ሁኔታ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይናገራል። ጥበቡን ያገኘው ግን ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ የዓለምን አየር መዝገብ አጥንቶ ነው። ጥሩ መዝገብ ባለበት አገር ጥሩ ተማሪ ይሆናል። መዝገቡ በሳሳበት አገር ክፍተቱን የሚሞላው የፊዚክስ ስሌት ነው፤ ስሌቱ ደግሞ ሸንተረሩን፣ ገደሉንና ወንዙን አንድ ላይ አማክሎ ነው የሚያየው። እኛ ዘንድ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ጎርፍ ወርዶ ወዲህ አቧራ ሲነሳ ማየት ብርቅ አይደለም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለተራራማ አገር በየ250 ካሬ ኪሎ ሜትሩ ቢያንስ አንድ መለኪያ ይኑር የሚለው ለዚህ ነው።

«ሳተላይት አለ» የሚለኝ ብዙ ነው። እውነት ነው፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የራሳችን የምድር መከታተያ ሳተላይት ከቻይና ተወንጭፋለች፤ ያን ለሊት እኔም ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ነገር ግን ብዙዎቹ ሳተላይቶች ዝናቡን ራሱን አያዩትም። የሚያዩት የደመናውን አናት ነው። አናቱ እጅግ ከቀዘቀዘ፣ ደመናው ረጅም ነውና ይዘንባል ብለው ይገምታሉ። በእኛ ተራራ ላይ ደግሞ ገና ብዙ ከፍ ሳይል፣ አናቱ ሳይቀዘቅዝ፣ ቁልቁለቱን ታክኮ ቀኑን ሙሉ የሚያረሰርስ ደመና አለ። ያን ከላይ ያለው ዓይን አሳንሶ ያየዋል። ስህተቱን የሚያርመው ከታች ያለው የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮው አፍ ስፋት ሃያ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሺህ መለኪያ ጎን ለጎን ቢደረደር ከአንድ ሰፊ ሳሎን ወለል አይበልጥም። አንድ ሚሊዮን ከመቶ ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አገር ሰማይ በዚህ ሳሎን ይለካል።

ከሩቅ ማየት ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ቦረና ላይ ይታያል። ሣሩ ከሳተላይት እየታየ ካሳ የሚከፈልበት የከብት መድን እዚያ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሐሳቡ ግሩም ነው። ሳተላይቱ የሚለካው ግን አረንጓዴነትን ነው። ቦረናን ደግሞ ቁጥቋጦ እየወረረው ነው። ከብት የማይግጠው ቁጥቋጦም ከሰማይ ሲታይ አረንጓዴ ነው። አርብቶ አደሩ ከቁጥቋጦው ሥር ቆሞ «ሣር የለም» ሲል ከላይ ያለው «ለምለም ነው» ሊለው ይችላል። ማንን እንመን? ቦታው ሄዶ ያየውንና የጻፈውን።

የአየር ንብረት ለውጡ ነገር ደግሞ የባሰ ሚዛናዊነት ይጠይቃል። ሙቀቱ እንደሚጨምር ሳይንቲስቶቹ አይከራከሩም። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ግን የወደፊቱን አየር በኮምፒዩተር የሚያሰሉባቸው ሞዴሎች ይለያያሉ። ብዙዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት እርጥብ ይሆናል ይላሉ፤ መሬት ላይ ደግሞ በደቡቡና በደቡብ ምሥራቁ የመጋቢት እስከ ግንቦቱ ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየመነመነ ታይቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ያ ሁሉ ከብት ያለቀው ሞዴሎቹ እርጥብ ይሆናል በሚሉት ምድር ነው። የቱ እንደተሳሳተ የምናውቀው በመለኪያ ነው፤ ሌላ ዳኛ የለንም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋና በጎጃም ዝናብ እንዲያወርድ ደመና የማበልጸግ ሙከራ ሲደረግ ጎረቤቶቼ «ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ዘነበ። ግን ባይበለጽግ ኖሮ ስንት ይዘንብ ነበር? ይህን ለመገመት የቦታው የሠላሳ ዓመት ደብተር ያስፈልጋል። ደብተሩ ደግሞ የት እንደገባ ነግሬአችኋለሁ።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚገርመኝን ላንሳ። የእኛን ክረምት ከሁሉም አብልጦ ጽፎ ያቆየው ካይሮ ነው። በሮዳ ደሴት የዓባይን ከፍታ የሚለኩበት የድንጋይ ጉድጓድ አለ፤ አሁን የሚታየው እ.ኤ.አ. በ861 የተሠራ ነው። መዝገቡ ከዚያም ቀድሞ ከሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ግብር የሚጣለው በዚያ ከፍታ ነበርና ቸል አይሉትም። ደቡብ ግብፅ፣ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 ከመቶ ገደማው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነው፤ ስለዚህ ያ መዝገብ በሌላ አነጋገር የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ የክረምት መዝገብ ነው። ሀሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ ይህንኑ ቁጥር ሲመረምር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ነገር አሳተመ፦ ጥጋብም ሆነ ድርቅ ብቻውን አይመጣም፣ ክፉ ዓመት ክፉ ዓመትን ያስከትላል። አያቶቻችን ይህን ከኸርስት በፊት ያውቁት ነበር፤ አልጻፉትም እንጂ።

ዛሬ ቁጥሩ ለእኛም ግብር ሆኗል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። በዓመት በአማካይ በዚያ የሚያልፈው 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። የዓመት ተኩል ክረምት አጥረን ይዘናል ማለት ነው። ክፉ ዓመት ተከታትሎ ቢመጣ ስንቱን እንልቀቅ፣ ስንቱን እንያዝ የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ተርባይኑ አይደለም። 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል እያልን የምንኮራበት ግድብ ጀርባ፣ ዓባይን በሚመግቡት ትንንሽ ወንዞች ራስጌ ላይ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቁጥር የሚጽፍ ሰው መኖር አለበት።

እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ዓመቱን በወንጌላዊው ነው የሚያውቁት፤ የማቴዎስ፣ የማርቆስ፣ የሉቃስ፣ የዮሐንስ እያሉ ለእያንዳንዱ ጠባይ ይሰጡታል። አንድ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን በአራቱ ከፋፍዬ ደመርኩት። የወንጌላዊውና የዝናቡ መጠን ምንም የሚገናኝ አልሆነም። ለጎረቤቴ ለጋሼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። «አንተ የለካኸው ውሃውን ነው፤ እኛ የምንለው በረከቱን» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ሆኖም አንድ ነገር አምነውልኛል፤ ገበሬ የሚጎዳው በክረምቱ ድምር ማነስ ብቻ አይደለም። ዘግይቶ መግባቱ፣ በመሃል አሥር ቀን መጥፋቱ፣ ጤፉ ሲያብብ ድንገት መቋረጡ ነው። «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» የሚለው የወቅት ትንበያ ይህን አይነግራቸውም። በራሳቸው ቀበሌ ለመናገር ደግሞ የራሳቸው ቀበሌ ታሪክ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው የወደፊቷን ኢትዮጵያ ሲያልሙ አዲስ ነገር ይግዙ አልልም። በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ሥራውን ያውቀዋል። የጎደለው በየገጠሩ ያለ እጅ ነው። ከከተማችን ዳር አንድ አውቶማቲክ ጣቢያ ቆሞ ነበር፤ የፀሐይ ሰሌዳው በሁለተኛው ዓመት ጠፋ፣ ከዚያ ሸረሪት ነው የሚያድርበት። ቆርቆሮውን ግን ማንም አይሰርቀውም። በየትምህርት ቤቱ አንድ መለኪያ፣ አንድ ደብተር፣ ለሚጽፈው መምህር የምታረካ ትንሽ አበል፣ ተማሪው በሞባይል ፎቶ አንስቶ የሚልክበት አንድ ቁጥር ቢኖር፣ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለምን የአየር ንብረት ጉባኤ ስታስተናግድ ለእንግዶቹ ከችግኝ ሌላ የምናሳየው ይኖረን ነበር። አሮጌዎቹን ደብተሮች ማንሳት ደግሞ ከዚያ በፊት ይደረግ። አይጡም ባለ ሱቁም እስከ ጉባኤው አይጠብቁም።

የእኔ ሦስት ደብተሮች ከ1987 እስከ 1991 ዓ.ም. ያሉትን ወራት ይዘዋል፤ የ1989 ሰኔ ላይ ሁለት ገጽ ተቀዷል። ባዶ የሆኑት ቀናት ለምን ባዶ እንደሆኑ አሁንም አስታውሳለሁ፤ በሕይወት ሳለሁ ጠይቁኝ። ፎቶ አንስቶ የሚጠቀምባቸው ካለ ዝግጅት ክፍሉ አድራሻዬን ይስጠው። ዕቃ አያስፈልግም፣ ስልኩን ይዞ ይምጣ። ሐሙስ ግን ገበያ ነው፣ ቤት አልገኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣ ሰሜን ሸዋ