«የገዛሁት» ውስጥ ያለችው «ት»

ክቡር አዘጋጅ፣

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ድርሰት ሲታረም ደጋግማ የምትመጣ ስሕተት አለች፤ «መሐል ሜዳ የገዛሁት በግ ወፍራም ነው» ለማለት፦ «ዘ ሺፕ ዛት አይ ቦት ኢት ኢን መሐል ሜዳ ኢዝ ፋት»። መምህሩ ትርፏን «ኢት» በቀይ ሰርዞ ያልፋል። ተማሪው ለምን እንደተሰረዘች ስላልተነገረው በሚቀጥለው ሳምንት መልሶ ይጽፋታል።

ምክንያቷ ያለው አማርኛችን ውስጥ ነው። «የገዛሁት በግ» ስንል በጉን ሁለት ጊዜ አንሥተነዋል፤ አንዴ በስሙ፣ አንዴ ደግሞ ግሱ ጫፍ ላይ ባለችው «ት»። «የገዛሁ በግ» አይባልም። እንግሊዝኛ ግን «ዛት» ወይም «ዊች» የበጉን ቦታ ከያዙ ሌላ ተውላጠ ስም አይጨምርም። ስለዚህ ሪሌቲቭ ክሎዝ (እንደ «የገዛሁት» ስምን የሚገልጽ ንዑስ ዐረፍተ ነገር) ሲያስተምሩ ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበጃል፦ «ዘ ሺፕ ኢዝ ፋት» እና «አይ ቦት ዘ ሺፕ»። ከሁለተኛው «ዘ ሺፕ»ን አጥፍቶ ቦታውን በባዶ ሳጥን ማስቀረት፤ «ዛት»ን ከ«አይ» በፊት ማስገባት፤ ከዚያ ሙሉውን ከመጀመሪያው «ሺፕ» ቀጥሎ መሰካት። ሳጥኑ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። «ኢት» የምትገባው ተማሪው ይህን ባዶ ቦታ መሙላት ያለበት ስለሚመስለው ነው።

ያቺው የምታሳስት ቅጥያ ግን መንገድም ታሳያለች፤ ይህ በክፍል ውስጥ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። «የምወደው ከተማ» የሚለው በ«ው» ስላበቃ እንግሊዝኛው «ዊች» ወይም «ዛት» ነው። «የምኖርበት ከተማ» በ«በት» ስላበቃ «ዌር» ወይም «ኢን ዊች» ይሆናል። «የምጽፍለት ሰው» ደግሞ «ቱ ሁም»። ከተማ በተባለ ቁጥር «ዌር» የሚጽፍ ተማሪ «ደብረ ብርሃን ኢዝ ኤ ታውን ዌር አይ ላቭ» ብሎ የሚሳሳተው የአማርኛውን ግስ ጫፍ ስላላየ ነው። «አባቱ ገበሬ የሆነ ተማሪ» ላይም እንዲሁ፦ «አባቱ» ውስጥ ያለው የባለቤትነት ምልክት «ሁዝ ፋዘር» ይሆናል እንጂ «ዛት ሂዝ ፋዘር» አይባልም።

«ዛት» ወይም «ሁ» መቼ ሳይጻፍ ይታለፋል ለሚለው አጭር መለያ አለ። ከቃሉ ቀጥሎ እንደ «አይ» ያለ ሌላ የግስ ባለቤት ከመጣ መተው ይቻላል፤ «ዘ ሺፕ አይ ቦት» ትክክል ነው። ቀጥሎ የመጣው ግስ ከሆነ ግን አይተውም። «ዘ ማን ላይቭስ ኢን ደብረ ሲና ኢዝ ኤ ቲቸር» የሚለውን ያነበበ ሰው «ላይቭስ»ን ዋና ግስ አድርጎ ይዞ «ኢዝ» ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

ሪሌቲቭ ክሎዝን ከቀረው የምትለየው ኮማ በአማርኛው ስለማትታይ ተለይታ መማር አለባት። «ኤምፐረር ምኒልክ፣ ሁ ዎዝ ቦርን ኢን አንጎለላ፣ ዎን ዘ ባትል ኦፍ አድዋ» ሲባል ኮማዎቹ ከወጡ ብዙ አፄ ምኒልኮች ኖረው የአንጎለላው ለብቻ የተለየ ያስመስላል። «ማይ ብራዘር ሁ ላይቭስ ኢን አንኮበር» ያለ ኮማ ከተጻፈ ደግሞ ጸሐፊው ሌሎች ወንድሞች እንዳሉት ይገባናል። እንዲህ ባለ ኮማ ውስጥ «ዛት» አይገባም፤ በምትኩ «ሁ» ወይም «ዊች» ይጻፋል።

በየመልመጃው የሚበዛው «ሁ ወይስ ዊች» የሚል የምርጫ ጥያቄ ከእነዚህ ስሕተቶች አንዱንም አያወጣም፤ ሰውና ዕቃ መለየት ለተማሪው ቀላል ነው። የትምህርት ዓምዳችሁ መልመጃ ሲያወጣ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን አጣምሮ በእጅ የሚያስጽፍ ቢሆን፣ ከመልሱም ጎን የአማርኛው ግስ ከነቅጥያው ቢታተም እንጠይቃለን።

የእንግሊዝኛ መምህራን፣ ከሰሜን ሸዋ